«ገና ነው» ላላችሁኝ ሁሉ

ውድ ቤተሰቦቼ፣ ወዳጆቼ፣ ስማችሁን ሳላውቅ ባለውለታ የሆናችሁኝ ሁሉ፣

ባለፈው እሑድ ግማሽ ማራቶን ሮጬ ጨረስሁ። 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል፤ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ። ከዚያ ወዲህ የደረሰኝ የደስታ መልእክት ብዙ ነው፤ ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል መመለስ ስላልቻልሁ እነሆ በአደባባይ እጽፋለሁ። ብዙዎቻችሁ «ጉልበትሽ ያስገርማል» ብላችሁኛል። ጉልበትማ ዓምናም ነበረኝ። ያልነበረኝ ትዕግሥት ነው፤ እሱን ደግሞ ከእናንተ ተበድሬ ነው የሮጥሁት። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው የያዙኝን፣ «ቆይ» ያሉኝን፣ የገቱኝን ሰዎች ነው።

ታሪኩን ለማታውቁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዓምና ይህንኑ ርቀት ሞክሬ ነበር። የመነሻው ድምፅ ሲሰማ ሕዝቡ እንደ ደራሽ ውኃ ይዞኝ ሄደ። ሙዚቃው፣ ጭብጨባው፣ በግራ በቀኝ የሚያልፈኝ ሯጭ ደሜን አሞቀው፤ እግሬ ክብደት የሌለው መሰለኝ። የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች በ27 ደቂቃ ተኩል አለፍሁ፤ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ተኩል ማለት ነው። በዚያ ወቅት የ10 ኪሎ ሜትር ምርጥ ሰዓቴ 58 ደቂቃ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ ጨርሼበት በማላውቀው ፍጥነት 21 ኪሎ ሜትር ጀምሬአለሁ። ያን ዕለት ግን ይህን ሒሳብ የሚያስብ ልብ አልነበረኝም። 14ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጭኖቼ ድንጋይ ሆኑ። 17ኛው ላይ ከመንገዱ ጠርዝ ቁጭ አልሁ፤ መነሣትም አልቻልሁም።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ያን ዕለት በሕክምና ድንኳን ውስጥ ለተቀበለችኝ ነርስ ነው። እግሬን ከፍ አድርጋ አስተኛችኝ፣ ሸፈነችኝ፣ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣችኝ። «ለዚህ አልተፈጠርሁም» እያልሁ ሳለቅስ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ የእጅ ሰዓቴ የመዘገበውን የየኪሎ ሜትሩን ፍጥነት እንዳሳያት ጠየቀችኝና አየች። «እህቴ፣ አንቺን የጣለሽ 17ኛው ኪሎ ሜትር አይደለም፤ ሁለተኛው ነው» አለችኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም። ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ፣ ያ ቃልሽ ዓመቱን ሙሉ አብሮኝ እንደኖረ እወቂልኝ። ሩጫን ለመተው የወሰንሁ ዕለት የመለሰኝ እርሱ ነው።

አሰልጣኜ፣ እርስዎን ከየት ጀምሬ ላመስግንዎት? ልምምድ ልጀምር የመጣሁ ዕለት ምን ያህል እንደምፈጥን አልጠየቁኝም። «እያወራሽ መሮጥ ትችያለሽ?» ነበር ያሉኝ። ትርጉሙ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥብኝ መናገር የምችልበት ፍጥነት፣ ሰውነቴ ለረጅም ጊዜ ሊሸከመው የሚችለው ፍጥነት ነው። ጡንቻና ጉበት የሚያከማቹት ግላይኮጅን የሚባለው ስንቅ ውስን እንደሆነ፣ ፍጥነት በጨመርን ቁጥር ሰውነት ከስብ ይልቅ ከዚህ ስንቅ አብዝቶ እንደሚወስድ አስረዱኝ። የውድድር ማለዳ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ድካምን ስለሚሸፍን የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ቀላል ሆነው እንደሚሰሙ፣ ያ ስሜት ግን ምስክርነቱ የማይታመን እንደሆነ ነገሩኝ። ፍጥነት ባይጨምሩ እንኳ ሰውነት እየሞቀና ፈሳሽ እያጣ ሲሄድ የልብ ምት በራሱ እየጨመረ ይመጣል፤ ስለዚህ በመነሻው ጥቂት ትርፍ ያላስቀረ ሰው መጨረሻ ላይ የሚከፍለው የለውም። ይህን ሁሉ እኔ በብዙ ቃል እጽፈዋለሁ እንጂ እርስዎ በአንድ አባባል ነበር የሚጨርሱት፦ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

በ16ቱ የልምምድ ሳምንታት አብዛኛው ሩጫዬ ቀስ ያለ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር እንድፈጥን የሚፈቅዱልኝ። በቅዳሜው ረጅም ሩጫ ደግሞ የመጨረሻዎቹን 3 ኪሎ ሜትሮች ፈጠን አደርግ ነበር፤ እግሬ ደክሞት ሳለ መፍጠንን እንዲለምድ። የውድድሩንም ዕቅድ በትንሽ ወረቀት ላይ በእጅዎ ጻፉልኝ፤ ሦስት መስመር ብቻ ነው። እስከ 5 ኪሎ ሜትር እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ፣ እስከ 15 እያንዳንዱን በ6 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ፣ ከዚያ ወዲያ «ልብሽ እንዳለሽ»። ወረቀቱ ላብ ጠጥቶ ፊደሉ ፈዟል፤ ግን አልጣልሁትም፣ አልጥለውምም።

ትዕግሥቴ ያለቀበትን ዕለት ያስታውሱታል? በስምንተኛው ሳምንት ይመስለኛል። «እንዲህ እየተጠነቀቁ መሮጥ ፈሪነት አይደለም ወይ?» ብዬ በምሬት ጠየቅሁዎት። እርስዎ ስለ ደራርቱ ቱሉ ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ከፊት ስትመራ፣ ደራርቱ ከኋላዋ ሳትርቅ ዙሩን በትዕግሥት ቆጥራ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ተፈትልካ ወጥታ ወርቁን ወሰደች። ምሩፅ ይፍጠርንም አነሱልኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያገኘውን «ማርሽ ቀያሪውን»። «የሚቀየር ማርሽ የሚኖረው ያተረፈ ሰው ነው» አሉኝ። ከእነርሱ ጋር ሊያወዳድሩኝ እንዳልነበረ አውቃለሁ። መጠበቅም ድፍረት እንደሚጠይቅ ሊያሳዩኝ ፈልገው ነው፤ ከዚያ ዕለት ወዲህ ያን ጥያቄ ደግሜ አልጠየቅሁም።

የቅዳሜ ባልንጀሮቼ፣ ሁላችሁም ከእኔ ትፈጥናላችሁ። ሆኖም ተራ እየገባችሁ ከጎኔ በቀስታ ሮጣችኋል። ለፈጣን ሯጭ የራሱን የልምምድ ቀን ለሌላ ሰው መስጠት ምን ማለት እንደሆነ የሮጠ ያውቀዋል። ወሬያችሁ እየጣመኝ ፍጥነቴን ረሳሁ፤ የተፈለገውም ይኸው ነበር።

ባለቤቴ ሆይ፣ ቅዳሜ ማለዳ ከልጆቹ ጋር ብቻህን የዋልህባቸውን ቀናት ሁሉ ቆጥሬአቸዋለሁ። ከሁሉ የማልረሳው ግን ጫማዬን የደበቅህበትን ዕለት ነው። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እግሬ እንዲያርፍ የምሮጠውን ርቀት እንድቀንስ ታዝዤ ነበር፤ እኔ ግን ጭንቀት አላስቀምጥ ብሎኝ ሌሊት ሾልኬ ልወጣ ስል ጫማዬን አጣሁት። ተቆጥቼ የማይገባ ቃል ተናግሬሃለሁ። አንተ አልመለስህልኝም፤ ጫማውንም እስከ ንጋት አላወጣህም። ይቅርታህን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እጠይቃለሁ፤ አመሰግንሃለሁም።

አሁን ወደ እሑዱ ልመለስ። መነሻው ላይ የ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃን ባንዲራ ከያዘው አሯሯጭ፣ በዚያ ሰዓት መጨረስ የሚፈልጉትን በፍጥነቱ ከሚመራው ሯጭ፣ አጠገብ ቆምሁ። ዕቅዴን ስነግረው «እኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት ነው የምንሄደው፤ በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። መጀመሪያ ላይ ባንዲራዬ ሲርቅብሽ እንዳትደነግጪ» አለኝ። መደንገጡንስ ደነገጥሁ። ሰው ሁሉ አለፈኝ። ልጆቼ የሚሆኑ አለፉኝ፣ እናቶቼ የሚሆኑ አለፉኝ፣ ጫማቸው ተፈትቶ ቆመው ያሰሩ ሰዎች እንኳ መልሰው አለፉኝ። ዓምና ያሞቀኝ ሙዚቃ ዘንድሮም እዚያው ቦታ ይጠብቀኝ ነበር። እግሬ «ልሂድ» ይላል፤ እኔ ወረቀቱን በመዳፌ ውስጥ አጥብቄ እይዛለሁ።

እህቴ፣ 4ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባትኖሪ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ሳላውቀው በኪሎ ሜትር ወደ 6 ደቂቃ ተጠግቼ ነበር። መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ «በርቱ! ፍጠኑ!» ሲል አንቺ ካርቶን ከፍ አድርገሽ ይዘሻል፤ ላዩ ላይ ሁለት ቃል፦ «ገና ነው»። ፈገግ አላልሽልኝም። እጅሽን አላወዛወዝሽም። ካርቶኑን ብቻ ወደ ፊቴ አዞርሽው። ፍጥነቴን ቀነስሁ፣ 5 ኪሎ ሜትርን በ32 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አለፍሁ፤ ልክ እንደ ወረቀቱ። ባንዲራው በዚያ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በላይ ርቆኝ ከዓይኔ ጠፍቷል። 9ኛው ላይ በብስክሌት አቋርጠሽ ቀደምሽኝ፤ አሁንም «ገና ነው»።

(ለሚሮጡ ወዳጆቼ አንዲት ነገር ጣልቃ ላስገባ። አሰልጣኜ የመከሩኝ በእጅ ሰዓቴ ርቀት ሳይሆን በመንገዱ ላይ በተተከሉት የኪሎ ሜትር ምልክቶች እንድመራ ነው። የውድድር መንገድ የሚለካው አጭሩን መስመር ይዞ ስለሆነ፣ ኩርባውን ሰፋ አድርጎ የሚዞር ሯጭ ከተለካው በላይ ይሮጣል፤ ሰዓቱም ከምልክቱ ቀድሞ «ደረስሽ» ይለዋል። መጨረሻው ላይ ይህ ልዩነት ልብ ይሰብራል።)

15 ኪሎ ሜትርን በ1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ አለፍሁና ወረቀቱን ወደ ኪሴ ከተትሁት። 16ኛው ላይ እህቴ ካርቶኑን ገልብጣዋለች። «አሁን!» ይላል። እዚያ ላይ ነው ያለቀሰችው፤ እኔም። 17ኛው ምልክት ሲታየኝ ሆዴ ተላወሰ፤ ዓምና የተቀመጥሁበትን ጠርዝ ለማየት ፈርቼ ነበር። አየሁት። ሌላ ሰው ተቀምጦበት ነበር፤ ወጣት ልጅ ነው፣ አንድ የሕክምና ባለሙያ አጠገቡ ተንበርክካለች። ስሜቱን አውቀዋለሁና ወንድሜ፣ ለአንተም ጥቂት ቆይቶ «ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ነው» የሚልህ ሰው እንዲገኝልህ ከልቤ ተመኘሁ።

ወደ 19ኛው ስቃረብ ባንዲራው ታየኝ። መጀመሪያ እንደ ነጥብ፣ ቀጥሎ እንደ መሐረብ፣ ከዚያ ቁጥሩ ተነበበልኝ። አሯሯጩ ስደርስበት ወዲያው አወቀኝ፤ «መጣሽ! በይ ሂጂ፣ እኛን አትጠብቂ» አለኝ። አመሰግንሃለሁ ለማለት ሞክሬ «አመ...» ብዬ ቀረሁ፤ ከዚያ በላይ የሚበቃ ትንፋሽ አልነበረኝም። ቀሪውን አሁን ጨርሼ ልበልህ፦ አመሰግንሃለሁ። የሺህ ሰው ግርግር እየገፋህ፣ ሰከንድ ሳታዛንፍ፣ ለራስህ ሰዓት ሳይሆን ለሌሎች ስትሮጥ አየሁህ።

ቀላል ነበር እንዳትሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ሁለመናዬን አቃጥሎኛል። ልዩነቱ ዓምና ሕመሙ ሲመጣ እየወደቅሁ ነበር፤ ዘንድሮ ሲመጣ እየፈጠንሁ ነበር። የመጨረሻዎቹን 6 ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዳቸውን በአማካይ በ5 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጥኋቸው፤ ሁለተኛውም አጋማሽ ከመጀመሪያው በ3 ደቂቃ ገደማ ፈጠነ። በመንገዱ ሁሉ ውኃ ያቀበላችሁን፣ የጣልነውን ኩባያ ከእግራችን ሥር የለቀማችሁ በጎ ፈቃደኞች፣ ፊታችሁን ለማየት እንኳ ጊዜ ሳንሰጣችሁ አልፈናችኋልና እግዚአብሔር ያክብርልን።

አንድ ሰው ቀረኝ። ነጭ ኮፍያ ያደረጉት አባቴ፣ እርስዎን ነው። 6ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባንዲራው ከጠፋብኝ በኋላ ተስፋዬ ሲሟጠጥ ከጎኔ መጥተው «ልጄ፣ እርምጃችን አንድ ነው፤ አብረን እንሂድ» አሉኝ። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሙሉ አብረን ሮጥን። ቁልቁለቱ ላይ ልፈጥን ስል ክንዴን ነካ አደረጉኝ። ዳገቱ ላይ እርምጃዬን እንዳሳጥር ነገሩኝ። ስለ ራስዎ ምንም አልነገሩኝም፤ ስለ እኔ ግን ጠይቀው ሁሉን ሰሙ፣ የዓምናውንም። 15ኛው ላይ ወረቀቴን ሳስገባ አይተው «ጊዜው ደርሷል፤ ሂጂ» አሉኝ። «እርስዎስ?» ብልዎ «እኔ የራሴ ወረቀት አለኝ» ብለው በእጅዎ ሸኙኝ።

መጨረሻው መስመር ላይ ሜዳሊያዬን ካጠለቅሁ በኋላ አርባ ደቂቃ ቆሜ ጠበቅሁዎት። ነጭ ኮፍያ ባየሁ ቁጥር ወደ አጥሩ እሮጥ ነበር። በሕዝቡ መካከል ሳያዩኝ አልፈው ይሆናል። የደረትዎን ቁጥር ልብ ብዬ አለማየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን የሚያነብ ሰው ካወቃቸው ያድርስልኝ፦ የሚቀጥለውም ዓመት ከ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃው ባንዲራ አጠገብ እቆማለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን 15 ኪሎ ሜትሮች በእርስዎ እርምጃ ልሮጥ እጠብቅዎታለሁ።