ልብ ያላልነው ልብ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ድምፅሽን ከሰማሁ ከሁለት ዓመት በላይ ሆነኝ። ስልኩን አንስቼ መልሼ ያስቀመጥኩበት ቀን ብዙ ነው። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ። ከዚያ ታመምኩና ላስደነግጥሽ አልፈለግኩም። በኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በይኝ።

እኔና አንቺ የተዋወቅነው ጎን ለጎን በተተከሉ ሁለት የኩላሊት እጥበት ማሽኖች መሃል ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 4 ሰዓት። ለቤተሰብ የማይነገረውን ሁሉ እዚያ ተነጋግረናል። ስለዚህ አሁን የምጽፍልሽ ነገር ከማንም በላይ ለአንቺ ይገባሻል።

ባለፈው ዓመት ልቤን ታመምኩ። አትደንግጪ፣ አሁን ደህና ነኝ። የሥጋ እህቴ ሰጥታኝ የተተከለልኝ ኩላሊትም እስከ ዛሬ ሥራውን አላቋረጠም። የጠበበው የልቤ ደም ሥር ነበር።

አንድ ቀን የታጠበ ልብስ በባልዲ ይዤ ደረጃ ስወጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ባልዲውን አስቀምጬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ደረቴን አላመመኝም። ግራ መንጋጋዬን ብቻ ጨምድዶ ያዘኝ። ጥርሴ ነው ብዬ አለፍኩት። በሳምንቱ እዚያው ደረጃ ላይ እንደገና ያዘኝ፤ አረፍ ስል ለቀቀኝ። ክብደት ስለጨመርኩ ነው አልኩ። በሦስተኛው ግን ቁጭ ብዬም አልለቀቀኝም። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ልጄ ናት አፋፍሳ ድንገተኛ ክፍል ያደረሰችኝ። በቀጭን ቱቦ ገብተው ስቴንት፣ የጠበበውን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ አስገቡልኝ። እመኚኝ፣ አልጋው ላይ ተኝቼ እንኳ የማስበው ስለ ልቤ አልነበረም። ለምስሉ የሚረጩት ፈሳሽ ኩላሊቴን እንዳይጎዳው ነበር የምጨነቀው። እነሱም አስበውበት ነበር፤ ክሬቲኒኔን፣ ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ለቀናት ተከታተሉት፣ ብዙም ሳይነቃነቅ ቀረ።

ይሄ ጭንቀቴ ነው ኋላ ላይ ያሳሰበኝ። ትዝ ይልሻል፣ ከቀጠሮ ስንወጣ የምንጠያየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ክሬቲኒን ስንት ሆነ?» ቁጥሩ ደህና ከሆነ ወረቀቱን አጥፈን ቦርሳ ውስጥ እንከታለን። ስኳሩም ኮሌስትሮሉም እዚያው ወረቀት ላይ ተጽፈው ነበር። ልብ አላልናቸውም። ኩላሊቱ የሌላ ሰው ስጦታ ስለሆነ እንደ ዓይናችን ብሌን ጠበቅነው፤ የራሳችንን ልብ ግን ረሳነው።

ከተሻለኝ በኋላ ዶክተሬን አላስቀመጥ አልኩት፤ እስኪገባኝ ጠየቅኩ። ኩላሊት ከተተከለላቸው ሰዎች መካከል ለሞት ከሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። ብዙዎች ያረፉት የተተከለላቸው ኩላሊት እየሠራ ሳለ ነው። ይሄን ስሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ኩላሊታችን በደከመበትና በእጥበት በቆየንባቸው ዓመታት ልባችን ብዙ ተጎድቷል። የደም ግፊቱና የፈሳሹ ብዛት የልብን ጡንቻ ያወፍረዋል። ካልሲየም የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጋገርና ያደርቃቸዋል። ንቅለ ተከላው ብዙ ነገር ያሻሽላል፤ በእጥበት ላይ ከመቆየት ለልብም ይሻላል። ያለፈውን ግን ሙሉ በሙሉ አይፍቀውም።

ሌላው መድኃኒቱ ነው። ዶክተር ጆሴፍ መሪ በ1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ያንን የመጀመሪያ የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያደርግ፣ ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ነበሩ። ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አላየውም። እኛ ግን ኩላሊቱን ከሰውነታችን ጋር የምናስታርቀው በመድኃኒት ነው፣ መድኃኒቱ ደግሞ ልብን የሚነካበት መንገድ አለው። ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ስኳርና ግፊት ይጨምራል። ታክሮሊመስም ስኳርና ግፊት ላይ ይሠራል። ሳይክሎስፖሪን ግፊትና ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ሲሮሊመስ ደግሞ በተለይ የደም ቅባትን ያንራል።

አደራሽን፣ ይሄን አንብበሽ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትቀንሺ! ኩላሊቱ ከተጎዳ ልብ የባሰ ይጎዳል። መጠኑ መስተካከል ካለበት የሚያስተካክለው ዶክተርሽ ብቻ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ለኮሌስትሮል ስታቲን ታዞልኝ ነበር። ጡንቻዬን ሲያመኝ፣ ክኒኑም ሲበዛብኝ ጊዜ ለማንም ሳልናገር ተውኩት። ያን ጊዜ ብናገር መጠኑን መቀነስ ወይም በሌላ ዓይነት መቀየር ይቻል ነበር። ኩላሊት ለተተከለለት አዋቂ ሰው ስታቲን በአብዛኛው ይመከራል። ከየትኛው ጋር የቱ እንደሚሄድ ግን መታየት አለበት፤ ለምሳሌ ሲምቫስታቲን ከሳይክሎስፖሪን ጋር አይወሰድም። አሁን በየቀኑ እየወሰድኩ ነው፤ ተስማምቶኛል።

የግፊት መለኪያውንም መሳቢያ ውስጥ ጥዬው ነበር። አሁን ጠረጴዛ ላይ ነው የሚውለው። ጠዋት ተነስቼ ሽንቴን ከሸናሁ በኋላ፣ መድኃኒትም ቡናም ሳልቀምስ ወንበሩ ላይ ጀርባዬን ደገፍ አድርጌ እቀመጣለሁ። እግሬን አላነባብርም፤ ሁለቱም ወለሉን ይረግጣሉ። ክንዴን በልቤ ትክክል ጠረጴዛው ላይ አሳርፋለሁ። አምስት ደቂቃ ዝም። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም። ከዚያ እለካለሁ፣ አንድ ደቂቃ ቆይቼ እደግማለሁ፣ ሁለቱንም ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ማታም እንደዚሁ። ፊስቱላው፣ ለእጥበት ተብሎ ደም ሥሮቹ የተገናኙበት ቦታ፣ ባለበት ክንድ በጭራሽ አልለካም፤ አንቺም እንዳትለኪ። የዓለም አቀፉ የኩላሊት ሐኪሞች መመሪያ ለእኛ ያስቀመጠው ግብ ከ130/80 በታች ነው። ለአንቺ የተለየ ቁጥር ተሰጥቶሽ ከሆነ በእሱ ሂጂ።

ስለ ፊስቱላ ካነሳሁ፣ የአንቺ አሁንም ይንቀጠቀጣል? ደሙ በብዛት የሚያልፍበት ፊስቱላ ልብን ያደክማል። ኩላሊቱ ተረጋግቶ ሲሠራ እንዲዘጋ የሚደረግበት ጊዜ አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ጠይቂያቸው። እንዲሁ ተይዞ መቆየት ያለበትም አለና ራስሽ አትወስኚ።

ስኳርን በተመለከተ፣ ከንቅለ ተከላ በፊት ስኳር አልነበረብኝም ብለሽ አትተማመኚ። በኋላ የሚመጣ አለ። በባዶ ሆድ ተለክቶ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ከዚያ በላይ ከወጣ፣ ተደግሞም እንደዚያው ከሆነ፣ ስኳር ነው ይባላል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ የልብ ሕመሙ እንደ ሌላው ደረቱን ላያንቀው ይችላል። ስለዚህ ትንፋሽ ማጠር፣ የመንጋጋ ወይም የትከሻ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ያልተለመደ ድካም ሲመጣ እንደ እኔ ሰበብ አትፈልጊለት። ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል። እግርሽ ካበጠ፣ ክብደትሽ በጥቂት ቀን ውስጥ ካሻቀበ፣ ወይም በጀርባሽ ተኝተሽ መተንፈስ ካቃተሽም ቀጠሮ አትጠብቂ።

ምግብ ላይ እንደምታውቂው እጥበት ላይ ሳለን ሁሉ ነገር ክልክል ነበር። ሲፈቀድልን ደስታው አይወራም! እኔ በመጀመሪያው ዓመት 11 ኪሎ ጨመርኩ። አሁን ጨው ቀንሻለሁ። በቀን በጠቅላላ ከ5 ግራም በታች ነው የሚመከረው፤ ይህም አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ በደንብ አትሞላም፣ ዳቦውና የታሸገው ምግብ ውስጥ ያለው ሳይቀር ተቆጥሮ። የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠውን ግን ሳትጠይቂ አትግዢ። አብዛኛው ፖታሲየም ነው፣ ታክሮሊመስም ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል። ግሬፕፍሩትም ይቅርብሽ፤ የመድኃኒቱን መጠን ደምሽ ውስጥ ያንረዋል።

ጉንፋን ወይም ራስ ምታት ሲይዝሽ ደግሞ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳትወስጂ። ኩላሊቱንም ይጎዳል፣ ግፊቱንም ይሰቅላል። ሌላ ሐኪም አዲስ መድኃኒት ሲያዝልሽ በቅድሚያ «ኩላሊት ተተክሎልኛል» በዪ። አንዳንድ አንቲባዮቲክ፣ ለምሳሌ ክላሪትሮማይሲን፣ ከእኛ መድኃኒት ጋር ይጋጫል። ዲልቲያዜምና ቬራፓሚል የሚባሉት የልብና የግፊት መድኃኒቶችም የታክሮሊመስን መጠን ከፍ ያደርጉታል።

አንቺ እንደማታጨሺ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ካለ ግን ለእሱም ለአንቺም ሲባል ይሄን ደብዳቤ አስነብቢው።

እንቅስቃሴ ላይ ስመጣ፣ ያንን ልማዳችንን አስታወስኩ። ስንራመድ እጃችንን ታችኛው ሆዳችን ላይ፣ አዲሱ ኩላሊት ያለበት ቦታ ላይ እናደርግ ነበር። የሚወድቅ ይመስለን ነበር። አይወድቅም፣ እህቴ። በኃይል ሊመታው ከሚችል ጨዋታ መራቅ ነው እንጂ መራመድ አይጎዳውም። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ነበር የቻልኩት። አሁን በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት እራመዳለሁ። ልጄ አብራኝ ትወጣለች። ባለፈው ሳምንት ያንን ደረጃ ባልዲዬን ይዤ ሳላርፍ ጨረስኩት። ላይ ስደርስ አለቀስኩ።

ወንድምሽ እንዴት ነው? ኩላሊቱን የሰጠሽ ማለቴ ነው። ሰላም በይልኝ። እሱም ግፊቱን በየዓመቱ ይለካ፤ አንድ ኩላሊት ያለው ሰው እሱም ክትትል ያስፈልገዋል።

የመጨረሻውን የላብራቶሪ ወረቀትሽን አውጪና ክሬቲኒኑን አልፈሽ ሌላውን አንብቢልኝ፦ ስኳሩን፣ ኮሌስትሮሉን፣ የሽንት ፕሮቲኑን። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ግፊትሽን ለክተሽ ላኪልኝ። የእኔ የዛሬ ጠዋቱ 126/78 ነው። ማታውን ስልክ ስደውልልሽ እነግርሻለሁ፤ ዛሬ ሳልደውል አላድርም።

የምትወድሽ ጓደኛሽ