ለጤና ሚኒስትሯ፦ ራጅ ከመነሳቷ በፊት አንድ ጥያቄ ትጠየቅ

ይድረስ ለክብርት ዶ/ር መቅደስ ዳባ

ክብርት ሚኒስትር እንደምን ከረሙ። እኔ ራጅ ክፍል ነው የምሰራው፣ አስራ ምናምን ዓመቴ ነው፣ ደብዳቤ መጻፍ ብዙም አልችልበትምና የአማርኛዬን ነገር ይለፉኝ። እርስዎ ራስዎ የማህጸንና ጽንስ ሐኪም ስለሆኑ ሳልጨርሰው ይገባዎታል ብዬ ነው የጀመርኩት።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ ወገቧን አሟት ራጅ ታዞላት መጣች። ወረቀቱ ላይ ስም፣ እድሜ፣ የወገብ ራጅ ይላል፣ በቃ ሌላ ምንም የለም። አማቷ አብራ ገብታ ቆማለች፣ እኔ ደሞ ልማድ ሆኖብኝ "የወር አበባሽ መቼ ነበር?" ስላት አማቷን ዞር ብላ አየችና ዝም አለች። ሴትዮዋን በዘዴ ካርድ ክፍል ልኬ ስጠይቃት ሁለት ወር ቀርቶባታል፣ ሽንቷን ስትመረመር እርጉዝ ናት። ይሄን የማወራው ጎበዝ ነኝ ለማለት አይደለም፣ ያን ቀን ወረፋ በዝቶ ቢሆን እኮ ሳልጠይቅ ነበር የማነሳት፣ ወረቀቱ አያስገድደኝማ።

ይሄ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ላስታውስዎት። አሊስ ስቱዋርት የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ሼፊልድ የተወለደች፣ እናቷም አባቷም ሐኪሞች። በ1950ዎቹ እዛ አገር ህጻናት በደም ካንሰር የሚሞቱት እየበዛ ምክንያቱን የሚያውቅ ጠፋ። ኦክስፎርድ የነበረችበት ክፍል በጀቱ የለም ማለት ይቻላል፣ 1000 ፓውንድ ለምና አገኘችና ምን አደረገች፣ እናቶቹን ልጠይቅ አለች። ልጇ የሞተባትንም ልጇ ደህና የሆነውንም እኩል፣ እርጉዝ ሳለሽ ምን አመመሽ፣ ምን ወሰድሽ፣ ራጅ ተነስተሽ ነበር ወይ። ያኔ አልትራሳውንድ የለም፣ ልጁ እንዴት እንደተኛና የእናትየው ዳሌ ጠባብ መሆን አለመሆኑን በራጅ ነበር የሚያዩት። መልሱ ሲቆጠር ልጅ ከሞተባቸው እናቶች መሃል ሆዳቸውን ራጅ የተነሱት እጥፍ ገደማ ሆነው ተገኙ። በ1956 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ፣ በ1958 ሙሉው ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ።

ባልደረቦቿ አላመኗትም። ልጅ የሞተባት እናት እያንዳንዷን ነገር ታስታውሳለች፣ ልጇ ጤነኛ የሆነው ግን ትረሳዋለች፣ ስለዚህ ቁጥርሽ ልክ አይደለም አሏት፣ እውነት ለመናገር የማይረባ ክርክር አይደለም። ነገሩን የፈታው ምን እንደሆነ ታዲያ ልብ ይበሉልኝ፣ መዝገብ ነው። በ1962 የሃርቫርዱ ብራያን ማክማሆን ማንንም እናት ሳይጠይቅ የ37 ሆስፒታሎችን መዝገብ አገላብጦ፣ ከ700,000 በላይ ልጆች፣ ማን ራጅ እንደተነሳች ከካርዱ አይቶ ወደ 40 ፐርሰንት የሚሆን ጭማሪ አገኘ። እንዲያም ሆኖ እርጉዝ ሴትን በራጅ መለካት በደንብ እስኪቀር 20 ዓመት ገደማ ፈጀ።

እኛ ጋ ያ መዝገብ የት አለ? ፊልሙን በትልቅ ፖስታ አድርገን ለበሽተኛው እንሰጠዋለን፣ እሱም ፍራሽ ስር ያስቀምጠዋል፣ አሁን አሁን ደሞ ሲዲ ነው፣ ሲዲ ማጫወቻ በሌለበት ቤት። እኔ በሰራሁባቸው ቦታዎች ራጅ ክፍል የሚቀረው ስምና የደረሰኝ ቁጥር ነው። ከ15 ዓመት በኋላ አንድ ሰው ተነስቶ ያኔ ማን ምን ያህል ጨረር አገኘ ቢል የሚመልስለት ፍራሹ ነው።

አሊስ ስቱዋርት ከኦክስፎርድ ጡረታ ወጥታ እንኳን አላረፈችም። በ1970ዎቹ ቶማስ ማንኩሶ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ጠራት፣ ሃንፎርድ የተባለው ለኒውክሌር ቦምብ ፕሉቶኒየም ያመርት የነበረው ቦታ ላይ የሰሩ ሰዎችን ጤና እዪልኝ ብሎ። ሰራተኞቹ ደረታቸው ላይ የደረሰባቸውን ጨረር የሚለካ ባጅ ያንጠለጥሉ ስለነበር የየሰዉ ጨረር ተመዝግቦ ተቀምጧል። ደህና ነው በተባለው መጠን ካንሰር ጨምሯል ብለው በ1977 አሳተሙ፣ የማንኩሶም በጀት በዚያው ሰሞን ተቆረጠ። በዚህኛው ላይ ሌሎች ሳይንቲስቶች ብዙ ተከራክረዋታል፣ የሚከራከሩበት ዳታ መኖሩ ራሱ ግን ያስቀናል፣ እኔ አንድ የግል ክሊኒክ ስሰራ ባጃችን መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚያድረውም የሚውለውም። ሊድ ኤፕረኑም፣ ጨረር የሚከላከለው የእርሳስ ሽርጥ ማለቴ ነው፣ ታጥፎ ወንበር ላይ፣ ሲታጠፍ እንደሚሰነጠቅ እየታወቀ።

ሰው እንዳይደናገጥብኝ ደሞ። ከደረት ራጅ ለጽንሱ የሚደርሰው ጨረር በጣም ትንሽ ነው፣ የዛሬ ማሽን የያኔው አይደለም፣ እርጉዝም ብትሆን ግድ ሲሆን ይነሳል። አልትራሳውንድ ጭራሽ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም፣ ስንቷ እናት "ጨረሩ ልጄን ይጎዳብኛል" ብላ ክትትል እንደምትቀር እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በመላ አገሪቱ የራጅና የሲቲ ስካን ማዘዣ ወረቀት ላይ "የመጨረሻ የወር አበባ ቀን" የምትል መስመር ትግባ፣ ካልተሞላች አናነሳም እንድንል። ጥያቄው ለብቻዋ ሆና ይጠየቅ፣ አማትም ባልም ውጪ። ከዛ የተነሳችው የሰውነት ክፍልና ማሽኑ ያሳየው የጨረር መጠን ተጽፎ እዛው ይቅር።

እኔ በደብተር ጀምሬዋለሁ፣ ባለ 100 ገጽ ነው፣ ሊያልቅ ነው።

አክባሪዎ፣
አንድ የራጅ ባለሙያ