ለኪቦርድ ጥገና የሰጠሁት ላፕቶፕ ያለ ፈቃዴ ፎርማት ስለመደረጉ የቀረበ ቅሬታ

ለኮምፒውተር ጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ባለፈው ሰኞ ወደ ድርጅታችሁ የመጣሁት የላፕቶፔ ኪቦርድ ሦስት ቁልፎች አልሠራ ስላሉኝ ነበር። በደረሰኙ ላይ የተጻፈውም «ኪቦርድ መቀየር» የሚል ብቻ ነው። ሐሙስ ልረከብ ስመጣ ግን ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ተጭኖ፣ በውስጡ የነበረው ሁሉ ጠፍቶ ጠበቀኝ። ባለሙያው «እንዲፈጥንልዎ ብለን ነው» አለኝ። ስልክ ቁጥሬ ደረሰኙ ላይ እያለ ደውሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ላላዘዝኩት ሥራም 500 ብር ተጨምሮ ተቆጠረብኝ።

ሰነዶቼ በፍላሽ ዲስክ ቅጂ ስላላቸው ተርፈዋል። ያልተረፈው «አናቫውድ» በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ የደረስኩበት ቦታ ነው። ይህን ስናገር ባለሙያው «እሱማ ቀላል ነው፤ ጨዋታውን በነፃ እንጭንልዎታለን» ብሎ መለሰልኝ። ከጥፋቱ ይበልጥ ያስቆጣኝ ይህ መልስ ነው።

ጨዋታውን መጫን እኔም አያቅተኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ በማውስ እየጠቆሙና እየተጫኑ የሚሄዱበት፣ ንግግርና ምርጫ የሚበዛበት ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ጂኒና መንፈስ ከሰው ጋር በሚኖሩባት የዛሬዋ ኒው ዮርክ ነው። ባለታሪኩ አንድ ዓመት ሙሉ ጋኔን ሰፍሮበት ከቆየ በኋላ ሲለቀው፣ በእጁ የተፈጸመውን ጥፋት እግር በእግር ይከታተላል። ቀድሞ ተዋናይ፣ የባር አስተናጋጅ ወይም ፖሊስ እንደነበረ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። ወደ እያንዳንዱ ሰፈር ሲወጣ ከአራት ባልደረቦቹ ሁለቱን ብቻ ያስከትላል። እሳት የሚታዘዝለት ኢላይ አብሮ ካለ የተቃጠለ ወረቀት ያነባል፤ ሎጋን ካለ የሙታንን መንፈስ ያነጋግራል፤ ሁለቱም ከቀሩ ሌላ መላ መፈለግ ግድ ነው። ስለዚህ የአንዱ ተጫዋች መንገድ ከሌላው ይለያል።

የእኔን መንገድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሠርቼዋለሁ። አንዱን ውሳኔ ለመወሰን ላፕቶፑን ዘግቼ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አድሬያለሁ። አሁን ከመጀመሪያው ብነሣ ምስጢሩን አውቀዋለሁና ያንን ማመንታት ማንም አይመልስልኝም። የጠፉት ፋይሎች በስሜ በተከፈተው ፎልደር ውስጥ ነበሩ። ያንን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ የኪቦርዱን ብሎኖች ከመፍታት ያነሰ ሥራ ነበር።

ላፕቶፑን ከሐሙስ ወዲህ አልከፈትኩትም፤ በሃርድ ዲስኩ ላይ አዲስ ነገር በተጻፈ ቁጥር የተሰረዘውን የማግኘት ዕድል ይጠብባልና። የጠፉ ፋይሎችን መመለስ የሚችል ባለሙያ በድርጅታችሁ ወጪ እንዲሞክርልኝ፣ 500 ብሩም እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህም ደንበኛ ፈርሞ ካልፈቀደ በቀር የማንም ዲስክ እንዳይነካ በደረሰኛችሁ ላይ ይጻፍ።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑንና ደረሰኙን ይዤ እመጣለሁ፤ እርስዎ ራስዎ እንዲያነጋግሩኝ እፈልጋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ