ሁሉም በ99 ሳንቲም

ሎስ አንጀለስ፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ጋሼ፣

እንዴት ከርማችኋል? የእማ ጉልበት ተሻላት ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ኮምቦልቻ ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍት፣ ለዚያም የእማን ቤት ባንክ ልታስይዝ እንዳሰብክ ከነገርከኝ ጀምሮ ግን እንቅልፍ የለኝም። ስልኩ እየተቆራረጠ አላናግር ስላለን ጻፍኩልህ።

በሰው እጅ የምልክላችሁ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የልጆቹ እርሳስና ደብተር የሚገዛው ናይንቲናይን ሴንትስ ኦንሊ ከሚባል ሱቅ ነበር። ተዘጋ። እኛ ሰፈር ያለው ብቻ መስሎህ፤ በካሊፎርኒያ፣ በአሪዞና፣ በኔቫዳና በቴክሳስ የነበሩት 371ዱም ናቸው። ወሬው የተሰማው በረመዳን መጨረሻ ነው። ባለፈው ስገባ መደርደሪያው ራሱ ዋጋ ተለጥፎበት ለሽያጭ ቀርቧል። ሁልጊዜ አትክልቱ ጋ የማገኛት አንዲት አሮጊት ባዶ ጋሪዋን ይዛ፣ ድንችና ሽንኩርት ይደረደርበት የነበረውን ቦታ እያየች ቆማለች። ቋንቋ ባንግባባም እጇን ያዝኳት።

ጀማሪው ዴቭ ጎልድ የሚባል ሰው ነበር። ከአባቱ በወረሰው ትንሽ የመጠጥ መሸጫ ሱቅ ሲሸጥ፣ 79 ሳንቲም የነበረው ወይን ጠጅ 99 ሲባል ይበልጥ እንደሚሄድለት አስተዋለ። በ1982 እ.ኤ.አ. ሁሉን በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ። ፒያሳ «ምረጥ በሃያ!» እያሉ የሚጮኹት ልጆች ዘዴ ማለት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ኑሮ ሲወደድ እንኳ ዋጋውን የጨመሩት 99.99 ሳንቲም ብለው ነው፤ ስሙን እንዳይለቁ።

በ2012 እ.ኤ.አ. ግን ኤሬስ የሚባል ድርጅትና የካናዳ የጡረታ ፈንድ በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ገዙት። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ ብዙ ብድር ነበረበት፤ ከፋዩ ደግሞ ሱቁ ራሱ። ሲዘጉ ኮሮናን፣ የዋጋ ንረትን፣ የገበያተኛውን ፍላጎት መለወጥና ስርቆትን ነው ምክንያት ያደረጉት። እሱም እውነት ነው። እኔ ግን እዳው ይከነክነኛል። በሳንቲም የሚያተርፍ ሱቅ ያን ሁሉ እዳ ተሸክሞ ክፉ ቀን ሲመጣበት በምን ይቋቋማል? ገበያተኛ እኮ አልጠፋም፤ ወላሂ ቅዳሜ ቅዳሜ መግቢያ አልነበረውም።

ጋሼ፣ በ2014 ዓ.ም. ሱቅህ ሲዘረፍ መደርደሪያው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። በአንድ ካርቶን ብስኩትና በጥቂት ኪሎ ጨው እንደገና ጀመርክ። ያኔ የማንም እዳ ቢኖርብህ ኖሮ እማ ዛሬ የት ነበረች? ብድሩ ከወለድ ነፃ ነው ብለኸኛል፤ ደስ ይለኛል። መያዣው ግን ያው ቤቷ ነው። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል።

ኮምቦልቻን ተው አልልህም። በትንሽ ኪራይ፣ ባለህ ዕቃ ጀምር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ኪራይ እኔ እልካለሁ። የቤቱን ካርታ ግን ለእማ መልስላት፤ ሳጥኗ ውስጥ ትቆልፍበት።

ቅባቷን ከሌላ ሱቅ ገዝቼላታለሁ። ትንሽ ተወደደ እንጂ ያው የለመደችው ነው። ለአረፋ በሚመጣ ሰው ይደርሳታል።

እህትህ