አባዬ፣ ማንም አልሞተም

ይድረስ ለአባዬ፣

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? ጉልበትህስ? ወንድሜ “ደረጃ መውጣት ጀምሯል” ሲለኝ ደስ አለኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። ክረምቱ ጓዳውን አፍስሶት ነበር፤ አስጠግኜዋለሁ።

ባለፈው እሁድ በቪዲዮ ስታየኝ ደንግጠህ “ማን ሞተ?” አልክ። ስቄ አለፍኩት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን አለቀስኩ። አልፈርድብህም። በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ ፀጉሯን ድንገት አሳጥራ ከታየች መጀመሪያ የሚታሰበው ሐዘን ነው። ማንም አልሞተም፣ አባዬ። የተቃጠለውን ነው የቆረጥኩት። በስልክ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው የምጽፍልህ።

እማዬ ካረፈች በኋላ ፀጉሬን ልታበጥርልኝ የሞከርክበት ጠዋት ትዝ ይልሃል? ሰባት ዓመቴ ነበር። በደረቁ፣ ከሥሩ ጀምረህ፣ በዚያች ጥርሷ በተጠጋጋ ማበጠሪያ። ሁለት ጥርስ ረገፈ፤ የማበጠሪያው ማለቴ ነው። እኔ ጮህኩ፣ አንተን ላብ አጠመቀህ። በመጨረሻ “ይኼ ፀጉር አይደለም፣ የተወሳሰበ ልቃቂት ነው” ብለህ ተውከው። ከዚያ በኋላ ከቅዳሜ ገበያ ለጋ ቅቤ ትገዛና በአንድ እጅህ እኔን፣ በሌላው ቅቤውን ይዘህ ጎረቤት ሹሩባ ልታሠራኝ ትወስደኝ ነበር። እስክጨርስ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለህ። እዚያ ከነበሩት ሴቶች መሀል ብቸኛው ወንድ አንተ ነበርክ። ያኔ አፍሬብህ ነበር። ዛሬ ሳስበው በራሴ አፍራለሁ።

ትምህርት ቤት ቅቤው ፀሐይ ሲመታው ግንባሬ ላይ ይወርዳል። ሹሩባው ሲፈታ ደግሞ ተንጨባሮ ይቆማል። “ሽቦ” ይሉኝ ነበር። ይኼን ነግሬህ አላውቅም፤ ቅቤውን መግዛት እንዳትተው ነው።

የመጀመሪያ ደሞዜ ምን ላይ እንደዋለም አልነገርኩህም። ላንተ ጋቢ ገዛሁ፤ የተረፈው ፀጉር ማለስለሻ ላይ አለቀ። ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማለስለሻ፣ የካስክ ማድረቂያ፣ የፒያስትራ መተኮሻ። ሉጫ ሆንኩ። ባለፈው ዓመት ግን አንዷ ፀጉር ሠሪ ማለስለሻውን ቀብታኝ ስልክ ላይ ቆየች። አናቴ ቆሰለ። ከሳምንት በኋላ ጠዋት ጠዋት ትራሴ ላይ የተበጣጠሰ ፀጉር መልቀም ጀመርኩ።

ነገሩ የገባኝ ባንተ ሙያ፣ በልብስ ስፌት ነው ብልህ ትስቃለህ። ልብስ መተኮስ፣ ፀጉር መተኮስ። ቃሉም አንድ፣ ሥራውም አንድ። ጥጥም ሆነ ፀጉር ውስጡ ስስ ማሰሪያ አለው፤ ውሃ ሲያገኘው ይላላል፣ ሲደርቅ መልሶ ይይዛል። ካውያ ያንን ፈትቶ ቀጥ ባለበት ያስረዋል። እርጥበት ሲነካው ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አንተ የተኮስከው ሱሪ ካፊያ ሲነካው ይጨማደድ የለ? እኔም በሐምሌ ተተኩሼ ከፒያሳ ስነሳ ሉጫ ነበርኩ፣ ቤት ስደርስ ጎፈሬ። የማለስለሻው ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለ፤ ሳሙና የሚሠራበት ኃይለኛ ነገር። እሱ ጠንካራውን ማሰሪያ ይሰብረዋል። ከዚያ ወዲያ ውሃም አይመልሰው። “ያረረ ጨርቅ አይለቀለቅም፣ ይቆረጣል” ትላቸው ነበር ተለማማጆችህን። እኔም ቆረጥኩት።

አሁን በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ እያለ የራሴው እየበቀለ ነው። እና አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ላይ ተጣላን። ታጥቤ ስወጣ ቆንጆ ጥቅልል፤ ሲደርቅ እንደ ተናደደች ድመት ጅራት። ለካ የሚንጨባረረው ስለደረቀ ነው። ከራስ ቅል የሚወጣው ቅባት ሉጫ ፀጉር ላይ ተንሸራቶ ጫፍ ይደርሳል፤ የእኔ ዓይነቱ ላይ ግን መንገዱ ሁሉ ጠመዝማዛ ነውና መሀል መንገድ ይቀራል። ጫፉ ይራባል። ለካ ያ የቅቤ ነገር ከንቱ አልነበረም! ሽታውን ግን ዛሬም አልችለውም፣ ይቅርታ።

እና የማደርገው ይኼ ነው። በሳምንት አንዴ እታጠባለሁ። በደረቁ ማበጠሪያ አላስነካውም። ኮንዲሽነር ቀብቼ እንደረጠበ፣ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ወደ ሥር። አንተ የተገላቢጦሽ ነበር የጀመርከው! ከዚያ ተልባ። አዎ፣ ያው የጾም ተልባ። ሁለት ሾርባ ማንኪያ በሁለት ብርጭቆ ውሃ አፈላለሁ፤ እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ በትኩሱ አጠልለዋለሁ። ከቀዘቀዘ አለቀልህ፣ ጠብታ አይወርድም። የማጠልለው በምን መሰለህ? ከሣጥንህ ባገኘሁት የመረብ ጨርቅ ቁራጭ። እርጥብ ፀጉሬ ላይ ቀብቼ በአሮጌ ካናቴራ ጨምቄ እተወዋለሁ። ፎጣ ይቦጫጭረዋል። ጥቅልሉ እንደያዘ ይደርቃል። የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ያቺ ጎረቤታችን አይታ “ምግቡን ራስሽ ላይ?” ብላ አማተበች።

ሣጥንህን መክፈቴን ካነሳሁ አይቀር ሌላም ልናዘዝ። ለኮት ገበር ያስቀመጥከውን ጥቁር ሳቲን ቆርጬ የመኝታ ቆብ ሰፋሁ። የጥጥ ትራስ እርጥበቱን ይመጥጠዋል፣ ይፈትገዋልም፤ ሳቲን ያንሸራትተዋል። በሲንጀርህ ነው የሰፋሁት። ስፌቱ ትንሽ ጠመመ። ስትመጣ አትየው።

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄጄ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አንጋጥጬ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት አየኋቸው። በልጅነቴ ዓይናቸውን ነበር የምፈራው። አሁን ያየሁት ፀጉራቸውን ነው። እነዚያ ሁሉ መላእክት ጥቁር፣ ለእኔ ጎፈሬ የመሰለኝ ፀጉር አላቸው። አንድም ሉጫ አላየሁም። ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበሩት እናት ገላመጡኝ።

የቴዎድሮስ ፀጉር የተመለሰ ጊዜስ? መጋቢት 2011 ነበር። በ1860 መቅደላ ላይ የተወሰደው ቁንዳላ ለንደን በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ኖሮ ሲመለስ ዜናውን አብረን ሰማን። አንተ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገህ “የሰው ፀጉር ሰውየው ነው” አልክና ዝም አልክ። እኔ ያን ቀን ፀጉር ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። ሄድኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ለጥምቀት እንድትመጣ ሐኪሙ ከፈቀደ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። እስከዚያ ሁለት ጣት ያህል ያድግልኛል። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ፀጉሬን ገልጬ ነው ፋሲለደስ መዋኛ አብሬህ የምወርደው። ሰው ካየን ይይ።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ወንድሜ ፀጉር ቤት ሲወስድህ አትላጭ። ከጆሮህ በላይ የቀረችውን ሽበት ተዋት፣ ትደግ። የእኔ ጥቅልል ከየት እንደመጣ እማዬ ሁሌ ትነግረኝ ነበር፤ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ልጅህ
ጎንደር፣ ኅዳር