ኦርፊየስ በደጀን፦ የሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

ኅዳር ላይ አንዲት እናት ቢሮ ድረስ መጥተው «መምህር፣ ልጄን የላክኋት ፍቅር እንዲያስተምሯት ነው እንዴ?» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። የግሪክን አፈ ታሪክ ወደ ዛሬ ዘመን እያመጣን የፍቅር ልብ ወለድ መጻፍ ስንጀምር፣ ከመምህራን ማረፊያ ክፍልም «የጣዖት ተረት» የሚል ሹክሹክታ ደርሶኛል። ለሁሉም መልሴ አንድ ነው፦ ግሪኮቹ ቀድመው ወደ እኛ መጥተዋል። ለባሕር አውሬ ቀርባ የዳነችውን አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ያደረጓት እነሱ ናቸው። ሆሜርም «ኦዲሲ»ን ሲጀምር የባሕሩን አምላክ ፖሲደንን ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ላይ ያስቀምጠዋል።

ሳምንታዊ ስብሰባውን፣ የአመራር ምርጫውንና ቃለ ጉባኤውን እለፉልኝ፤ እንደ ወትሮው ነበር። ቤተ መጻሕፍታችን ያለው የግሪክ አፈ ታሪክ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሽፋን የለውም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ እኔ በአማርኛ እተርካለሁ፤ ልጆቹ ታሪኩን ወደ ገበያችንና ወደ መናኸሪያችን ያመጡታል።

የፐርሰፎኒን ነገር ልንገራችሁ። የሙታኑ ንጉሥ ሐዴስ የእህል አምላክ የሆነችውን የዲሜተርን ልጅ ጠልፎ ከምድር በታች ያስገባታል። እዚያ ሮማን በመቅመሷ ዓመቱን ለእናቷና ለባሏ ከፍላ መኖር ግድ ይሆንባታል። የጠላፊውን ስም ስጠራ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ በሐዲስ ዓለማየሁ አገር እንዲህ ያለ ስም ለሙታን ንጉሥ! የእኛዎቹ ጠላፊውን የአዲስ አበባ ጤፍ ነጋዴ፣ እናትየዋን የቢቸና ገበሬ አደረጓቸው። ሮማኑም በአንድ ጉርሻ ተተካ። ክርክር የተነሣው በወቅቱ ላይ ነው። በግሪኩ ታሪክ ልጅቱ ስትሄድ ምድር ራቁቷን ትቀራለች፤ ክረምት ይሆናል። «መምህር፣ የእኛ ክረምትማ አረንጓዴ ነው» አለ አንዱ። ስለዚህ የእኛዋ በበጋ ሄዳ ከሰኔ ዝናብ ጋር ትመለሳለች። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ወደ ደጀን ተጓዝን። አሳባችን እስከ አባይ ድልድይ ለመውረድ ነበር፤ ወደ ሙታን አገር ለወረደው ዘፋኝ ለኦርፊየስ ከአባይ በረሃ የተሻለ ሲኦል ከየት ይገኛል? የተፈቀደልን የነዳጅ ገንዘብ ግን ከአፋፉ አላሳለፈንም። (የእግር ኳስ ቡድናችን በዚያው ወር አዲስ ማልያ ለብሷል፤ እንኳን ለበሰ።) ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚሰደውን ገደል እያየን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን በቅጡ ሰምቼው የማላውቅ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን አወጣች። በጥንቱ ታሪክ ኦርፊየስ የሞተች ሚስቱን በዜማው ያስለቅቃል፤ ብርሃን እስኪደርሱ ግን ዞሮ ሊያያት አይፈቀድለትም። ይዞራል፤ ያጣታል። የልጅቱ ኦርፊየስ ክራር መቺ ነው፤ የግሪኩ ላይራና ክራራችን መቼም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እሱ ከሚኒባሱ ሾፌር ጎን፣ ሚስቱ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጠው ከበረሃው ሽቅብ ይወጣሉ። ደጀን እስኪደርሱ መዞር የለም። የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ዞረ።

«ታዲያ ለምን ‹አለሁ› አላለችውም?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ። «አለሁ ብትለው እኮ አይዞርም ነበር።»

«ብላዋለች» አለች፣ ቀና ሳትል። «የራሱን ዘፈን አስከፍቶ ስለነበር አልሰማትም።»

ጠያቂው ስልኩ ላይ የከፈተውን ሙዚቃ ቀስ ብሎ ዘጋ። እኔም የተማሪዎችን ስም ዝርዝር የምመለከት መሰልኩ።

ያልሆነልንም አለ። ከተመዘገቡት ግማሹ ከገና በኋላ አልተመለሱም። ልናወጣው ያቀድነው መድበልም አልወጣም፤ ማባዣ ማሽኑ ቀለም አለቀበት፣ የግዢ ጥያቄዬም ከጥር ጀምሮ ፊርማ ይጠብቃል። ዘጠኝ ታሪኮች በደብተር ወረቀት እንደተጻፉ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፈዋል። የጎደለን ሁለት እሽግ ወረቀትና ቀለም ነው። የደጀኗ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት 12ኛ ክፍል ናት፤ ሳትለየን ታሪኳን ታትሞ እንድታየው እፈልጋለሁ። መርዳት የሚፈልግ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ዓርብ ከ9 ሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያገኘኛል።