አባዬ፣ መርከብ ተሳፈርኩ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? የድሬ ሙቀት እንዴት አደረጋችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይሄን ወሬ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን ኔትወርኩ መሐል ላይ እየተቆረጠ ያበላሽብኛል። ነጃት አጠገብህ ቁጭ ብላ ታንብብልህ።

አባዬ፣ መርከብ ተሳፈርኩ! አንተ ጅቡቲ ወደብ ቆመህ ታየው እንደነበረው የጭነት መርከብ አይደለም። የመዝናኛ መርከብ ነው፣ አሮያ ይባላል። ድርጅቱ የሳዑዲ ነው፤ ሥራ የጀመረው ገና በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ላይ ነው። መርከቡ ግን 2017 ጀርመን አገር የተሠራ ነው፣ ያኔ ስሙ ሌላ ነበር። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ሆነን ሦስት ሌሊት ሄድንበት።

ልጆች ሆነን «መርከብ ምን ያክላል?» ስንልህ ለገሃር ወስደህ ሐዲዱ ዳር ታቆመን ነበር። «ከዚህ እስከዚያ ማዶ ፉርጎ» ትለናለህ። እኔ አላምንህም ነበር። ይሄኛው 335 ሜትር ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መጨረሻው አልታይ ሲለኝ፣ በልቤ «አባዬ አውፍ በለኝ» አልኩ።

መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ከመነሳታችን በፊት ሰዉን ሰብስበው ላይፍ ጃኬት እንዴት እንደሚታሰር ሲያሳዩን እጄ ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ ቀና ስል ጅዳ እየራቀች ነው። ለካ ተነስተናል! ባቡር ሲነሳ ገጭ አድርጎ ይነግርሃል፤ መርከብ ምንም አይልህም። ሌሊት ብቻ አልጋው ቀስ አድርጎ እሹሩሩ ይልሃል።

ስለ ሞተሩ መጠየቅህ አይቀርም። እንግዳ እዚያ አይገባም፣ ግን አንዱን ሠራተኛ ጠየቅኩልህ። ዲዝሉ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ደግሞ ፕሮፔለሩን። አንተ ጋራዥ ውስጥ ትጠግናቸው እንደነበሩት ዲዝል ባቡሮች ማለት ነው! «አባቴ ይሄን ሥራ ያውቀዋል» አልኩት። ደስ አለው።

ምግቡ ሐላል ነው፣ መጠጥ የሚባል የለም፣ መስገጃም አለ። ቁርስ ላይ ፉል አገኘሁ፤ የቀፊራ ገበያውን አያክልም።

የሄድነው ወደ ደቡብ ነው፣ ጀበል አልሰባያ ወደሚባል ደሴት። ፈጅር ሰግጄ ብቻዬን ላይ ወጣሁ። ነፋሱ ሻርፔን ሊወስደው ይታገላል። ወደ እናንተ እየመጣሁ መሰለኝ። ይሄው ውሃ ወርዶ ወርዶ ባብኤልመንደብን ሲያልፍ ጅቡቲ ነው። አንተ ስንት ዓመት ሙሉ ተመላልሰህ ይሄን ባሕር ከዳር ሆነህ አየኸው። «አንድ ቀን እሳፈራለሁ» ትል ነበር። ደሞዝህ ግን የእኛ ደብተርና ጫማ ሆኖ አለቀ። ስትመለስ ሙሸበክ በጋዜጣ ጠቅልለህ ታመጣልን ነበር፤ ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ኪስህን አበላሽቶት እማዬ ስትቆጣህ ትዝ አለኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ለዑምራ ስትመጣ አብረን እንሳፈራለን ኢንሻአላህ። ብሩን ለእኔ ተወው፣ እያጠራቀምኩ ነው። በየፎቁ ሊፍት አለ፣ ደረጃ አትወጣም። ላዩ ላይ ወንበር ስበን፣ ሻይ ይዘን፣ እስኪነጋ እንቀመጣለን።

ነጃትዬ፣ አንብበሽ ስትጨርሺ የአባዬን ፓስፖርት ከሳጥኑ አውጪው። የሚያበቃበትን ቀን ፎቶ አንስተሽ ዛሬውኑ ላኪልኝ።

ልጅህ፣
ጅዳ